ቆመው የቀሩ

የመጨረሻው አውቶብስ ጭሱን አልብሶኝ ሄደ፤
የፓሌርሞ ቲኬቴ በእጄ ላይ በረደ።
«ሌላ የለም?» አልኩ። ሹፌርም ያልሆነ፣ ቲኬትም ያልቆረጠ፣
በኪዮስኩ በር የዱባ ፍሬ ይዞ የተቀመጠ፣
ጄርላንዶ የሚሉት ሽማግሌ፣ ሰዓቱን ሳያይ፣
«አለ እንጂ» አለኝ፣ «ነገ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ላይ።»

«እስከዚያስ? አግሪጄንቶ ማታ ማታ ምን አለው?»
ጥርሱን በክብሪት እንጨት ጎርጎር አርጎ፣ «ምን የለው?
መንገድ አለው፤ ወሬ አለው፤ ሰማይም፣ ደመና ካልወረሰው፤
ደግሞ ለካርታ፣ ለአራተኛው ወንበር፣ ጎድሎናል አንድ ሰው።»

ተቀመጥኩ። ካርታቸው እንደለመድነው አይደለም፤
ሰይፍ አለ፣ ዋንጫ አለ፣ ዱላና ወርቅ አለ፤ ልብ ግን የለም።
በአራት ዙር ተበላሁ፤ ዕዳዬን ከፈልኩ በለውዝ በረዶ፤
«ልብ የሌለው ጨዋታ ነው፤ አትዘን» አለኝ ጄርላንዶ።

ከዚያ መንገዱ ሞላ፤ የትም የማይሄድ ሰው ሁሉ ሄደ፤
ጥግ ድረስ ወጣ፣ ዞረ፣ ደግሞ ቁልቁል ወረደ።
ፋርማሲስቱ ከነሚስቱ፣ ብረት ነጋዴው ከነልጁ፣
ቄሱ ብስክሌት እየገፋ፣ ቀሚሱን ሰብስቦ በእጁ።
ከደቂቃ በፊት የተለያዩ ማዞሪያው ላይ ይገናኛሉ፤
ዓመት እንደተጠፋፋ ሰው ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ።
ምን ይደረጋል ማታ? ይኸው፤ መታየት ይደረጋል፤
ሰው ያላየው ሸሚዝ እዚህ እንዳልተሰፋ ይቆጠራል።

በጠባቡ ደረጃ ወረድን፤ ከጫማ ሰፊው ቤት ሥር
አሥራ ሁለት ወንበር ያለው የአሻንጉሊት ቲያትር።
ክሮቺፊሳ ትባላለች፣ ብረቱን የምትይዘው፤
ድምፅዋ ነው ጀግናውን የሚጥለው፣ ድምፅዋ ነው የሚገንዘው።
የቆርቆሮ ፈረሰኞች ሲፋለሙ፣ አንዱ ራስ ወድቆ ሲንከባለል፣
ፊት ወንበር ያለ ልጅ አንሥቶ፣ «ይኸው፣ ወደቀብሽ!» ሲል፣
ከመጋረጃው ኋላ ሳቀች።

«ቆማ የቀረች ናት» አለኝ ጄርላንዶ በሹክሹክታ፤
«አርባ ዓመት ሙሉ ልዕልት ትድራለች፣ ማታ ማታ።»
«ማን አስቀራት?» ስለው፣ ዝም፤ ጎረሰና ፍሬውን፣
ዋጠው ከነቅርፊቱ፤ አጎንብሶ አየ ጫማውን።

መብራት ሄደ፤ ንጉሡ ሰይፉን ገና እንዳነሣ፤
ወንበራችንን ተሸክመን ወጣን በዳሰሳ።

ከግንቡ ጫፍ ቁልቁል ሳይ፣ ቀን ከፍዬ ያየሁት፣
በስልኬ የለካሁት፣ «ቆንጆ ነው» ብዬ የተውኩት፣
በየማታው በቢጫ መብራት የሚነከር የነበር
ቤተ መቅደስ፣ ራቁቱን፤
ጨረቃን ብቻ ደርቦ፣ ከሸለቆው ዳር።
ጣራው ሄዷል። አማልክቱ ሄደዋል። የሚታረደው ፍየል ሄዷል።
የለም፣ እሱስ አልሄደም፤ ጥምዝ ቀንዱን አዘንብሎ ከወይራው ሥር ያመነዥካል።
ዓምዶቹ ቆመው ቀሩ።

ማንም አልተናገረ፤ ፋርማሲስቱ ብቻ አስነጠሰ፤
ያ ልጅ፣ የያዘውን ራስ፣ ለክሮቺፊሳ መለሰ።
ጄርላንዶ ወንበሩን አንሥቶ ካለችበት ወሰደላት፤
«ስንት ዓመት ቆመሽ፤ እስቲ ተቀመጪ» አላት።
«ዓምድ ሲቀመጥ» አለችው፣ «ፍርስራሽ ነው የሚባል።»
ግን ተቀመጠች፤ እሱ ሳቀ፤ ሳቁንም ለወጠው በሳል።

መብራቱ ሲመጣ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን፤
የሚታየው ሁሉ ሲበራ፣ ያየነውን ተነጠቅን።

በነጋታው፣ አሥራ ሁለት ላይ፣ ካርታ ያሸነፈኝ የለም፣
ኪዮስኩ ዝግ ነው፤ በሩ ላይ የፍሬ ቅርፊት፤ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን።
ሹፌሩ ቲኬቴን አይቶ፣ «የትናንት ነው» አለ፣ «ጊዜው አልፏል።»
ዞር ብዬ ባይ፣ ከሸለቆው ዳር፣ ጊዜው ያለፈ ሁሉ ቆሟል።